ግራፊክስ ካርዱ የተለወጠ ዕለት

ማሙሽ የመኪና ማቆሚያ ጠባቂውን መንጋጋ የሰበረው በግራ እጁ ነው። በቀኙ ቢሆን ኖሮ ሰውዬው አይተርፍም ነበር ይላሉ አሠልጣኞቹ፤ ይህን ሲሉም ፊታቸው ላይ ኩራት ቢጤ ይታያል፣ እግዜር ይይላቸው። ምክንያቱ ደግሞ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ጠባቂው "አንተ ግንድ፣ ዞር በል!" አለው፤ ማሙሽ ዞር አላለም። አጥንቱ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ ሲል መንገደኛው ሁሉ ሰማ። ሰውዬው ደሙን እየተፋ አስፋልቱ ላይ ተዘረረ፤ ማሙሽም እጁን እያየ ቆሞ ቀረ።

ማሙሽ የተባለው ገና ሲወለድ ነው። ዛሬ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ቦክሰኛ ሆኖ እንኳ ስሙ አልለቀቀውም። ዳኛዋ በገደብ ለቀቀችው። "ከእንግዲህ አንድ ጥፊ ብትሰነዝር የተፈረደብህን እስር ቤት ገብተህ ትጨርሳለህ" አለችው። ክለቡም ጓንቱን ተቀብሎ አሰናበተው። የቀረችው ታላቅ እህቱ ብቻ ናት። ወላጆቻቸው ካረፉ ወዲህ ያሳደገችው እሷ ስትሆን፣ ዳቦ ቤት ሊጥ ታቦካለች፤ የማቡኪያው ማሽን ከሚሠራበት የሚበላሽበት ጊዜ ስለሚበዛ አብዛኛውን ጊዜ የምታቦካው በክንዷ ነው። ቁመቷ ከወንድሟ ደረት አያልፍም። እሱ "እትዬ" ይላታል።

እትዬ ከፍርድ ቤት ከተመለሱ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኗ አልዞረም። የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማሙሽ አንድ ቀን እጁን ያነሣና ይወስዱባታል። ስለዚህ ዘዴ አበጀች። የአንገቱ ሥር ሲገታተር ካየች፣ ፊት ለፊቷ ያገኘችውን ዕቃ አንሥታ "ያዝልኝ" ብላ ታሸክመዋለች፤ የዱቄት ጆንያ፣ ወንበር፣ አንድ ጊዜማ የጎረቤት ፍራሽ። ልጁ ያዝ የተባለውን የሚጥል አይደለም። ያን ቀን የሰደበው ሰውዬ ስድቡን ጨርሶ፣ ደክሞት ቤቱ እስኪገባ ድረስ ማሙሽ ፍራሹን ታቅፎ ቆሞ ነበር።

ዕቃ ከመታቀፍ ሌላ የሚያበርደው ጌም ነው። ጌም ቤት ገብቶ ስክሪን ላይ ስንቱን ሲፈነክት፣ ስንቱን ከፎቅ ሲወረውር ይውልና ላብ አጥምቆት፣ እንደ በግ ለስልሶ ይመለሳል። እዚያ የፈሰሰ ደም ዳኛ ፊት አያቀርብም። ነገር ግን አንድ ቀን የተሸነፈ ጎረምሳ ጠርሙስ ወርውሮ ቅንድቡን ተረተረው። ደሙ ዓይኑን ሲሸፍነው ማሙሽ ብድግ አለ፤ ጎረምሳውን ጉሮሮውን አንቆ ግድግዳው ላይ ለጠፈው። እትዬ በአጋጣሚ ልትጠራው ባትመጣና ወንበር ባታሸክመው ኖሮ ያኔውኑ አልቆለት ነበር። ቅንድቡ በተሰፋ ማግስት "ከዛሬ ጀምሮ ቤትህ ተቀምጠህ ትጫወታለህ" አለችው።

ተገጣጥሞ የተሸጠ የጌም ኮምፒውተር ዋጋው የማይቀመስ ስለሆነ ዕቃውን ለየብቻ ገዝተው ሊገጥሙት ተስማሙ። ተስማሙ ማለት እንግዲህ ሳምንታት ሙሉ ሲጨቃጨቁ ከረሙ ማለት ነው። እሱ ጎኑ መስታወት የሆነ፣ መብራቱ ቀስተ ደመና የሚሠራ ኬዝ፣ ማለት የኮምፒውተር ሳጥን፣ አማረው።

"መብራት ካማረህ አምፑል አለልህ" አለችው። "ቆርቆሮው ይበቃናል። አየር ማስገቢያው ሰፊ ይሁን እንጂ ሌላው ጌጥ ነው።"

"ፕሮሰሰሩስ፣ ዋናው አንጎሉ? የዘንድሮውን እንግዛ በቃ።"

"ያምናውን። ገንዘባችንን ግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው የምናውለው፤ ጌሙን የሚያጫውተው እሱ ነው ብለህ ያስተማርከኝ አንተ አይደለህ?"

እውነቷን ነበር። ሁሉም የሚሰካበት ማዘርቦርድ ተራ፣ ሜሞሪው፣ ማለትም ራሙ፣ ሁለት ሆኖ በጥንድ የሚሠራ፣ ግራፊክስ ካርዱ ደግሞ ያገለገለ እንዲሆን ተወሰነ። እትዬ እንቢኝ ያለችው ኤሌክትሪኩን ለሁሉም በሚያድለው ፓወር ሰፕላይ ላይ ነው። ርካሹ ከተቃጠለ ሌላውን ሁሉ ይዞ እንደሚሄድ ሰምታለች፤ የሰማችውን ደግሞ አትረሳም። ጠንካራውን፣ ከባዱን፣ እንደ ጡብ የሚመዝነውን መረጠች።

ባለሱቁ ራሱን "ዶክተር" ነው የሚለው፣ የሞተ ኮምፒውተር አስነሣለሁ ስለሚል። ሱቁ የገበያው ምድር ቤት ውስጥ፣ ሰው ለሰው እየተጋፋ በሚተላለፍበት ጠባብ ኮሪደር ላይ ነው። ደንበኞቹን በስም ባያውቅም ወሬያቸውን ያውቃል፤ የማሙሽን የገደብ ነገርም ገና ሳይገቡ ሰምቷል። ያም ሆኖ አፉ ቅቤ ነበር። ካርዱን መሞከሪያው ጠረጴዛ ላይ ሰክቶ ጌም ከፈተለት። ማሙሽ ሁለት ሰው በጎራዴ ቀልቶ ሦስተኛውን ሲያሳድድ ፊቱ በራ።

"እትዬ፣ እዪ! አይቆራረጥም!"

እትዬ ልጅ እያለ እንኳ እንዲህ ሲስቅ አይታው አታውቅም። ከፈለች። ዶክተር ካርዱን "ላሽግላችሁ" ብሎ ወደ ጓዳው ይዞት ገባና በካርቶን አሽጎ አመጣው። የቀረውን ዕቃ ሰብስበው ሊወጡ ሲሉ ማሙሽ አላስችል አለው። እንደገና ሊያየው ፈልጎ ካርቶኑን እዚያው ባንኮኒው ላይ ከፈተ።

ከካርዱ ሁለት ማራገቢያዎች የአንደኛው አንድ ክንፍ የለም። ከውስጡም የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ጠረጴዛው ላይ ያዩት ካርድ የሁለቱም ማራገቢያዎቹ ክንፍ ሙሉ ነበር።

እትዬ አንገቱን አየችው። ሥሩ ተገታትሯል። ወዲያው ኬዙን አንሥታ እጁ ላይ ጫነችው። "ያዝልኝ" አለችው፤ እሱም ታቀፈው። ከዚያ ወደ ባለሱቁ ዞረች።

"ዶክተር፣ ተሳስተው ነው መሰለኝ። ያሳዩን ይሄን አይደለም።"

"ያው ነው።"

"ጓዳ ያለውን ያምጡልን እባክዎ።"

"ያው ነው አልኩ! ከሱቄ ከወጣ በኋላ የሰበራችሁትን እኔ ላይ ልትለጥፉ?"

"ገና መች ወጣን?" አለ ማሙሽ።

ዶክተር ከባንኮኒው ጀርባ ዞሮ መጣ። የማሙሽ ግማሽ ያክላል፤ ድፍረቱ ግን ከየት እንደመጣ ግልጽ ነበር። "ምን ልትሆን ነው? እስኪ ምታኝ!" አለና ጉንጩን ወደ እሱ አዞረ። "አንድ ጥፊ ብቻ አይደል የቀረህ? ፈሪ! መንጋጋ ሰባሪ ይሉሃል ደግሞ!"

ማሙሽ ኬዙን ጭምቅ አድርጎ ያዘው። ቆርቆሮው ጠጭ አለ።

ያኔ ዶክተር በጥፊ መታው። ጥፊው ጮኸ፤ የኮሪደሩ ሰው ዞሮ አየ። ማሙሽ ዓይኑን ጨፈነ እንጂ አልተንቀሳቀሰም። ዶክተር ሳቅ አለና ደገመው፤ በዚህኛው የተሰፋው ቅንድብ ተከፍቶ ደም በአፍንጫው ጎን ወረደ። ማሙሽ አሁንም ኬዙን አልጣለም። ያን የሚያህል ሰውዬ ቆሞ እንባው ዱብ ዱብ ይል ጀመር።

እትዬ ከዚህ በኋላ ያሰበችው ነገር የለም። ፓወር ሰፕላዩ በፌስታል ውስጥ እጇ ላይ ነበር። ፌስታሉን ከታች ወደ ላይ ወንጭፋ የዶክተርን አፍ አገኘችው። ሰውዬው መደርደሪያው ላይ ወደቀ፤ ኪቦርዱና ገመዱ ላዩ ላይ ተናደ። ሊነሣ ሲል ደገመችው፤ በዚህኛው ትከሻው ላይ አረፈ። ሦስተኛውን ስትወነጭፍ ፌስታሉ ተቀደደ። ዶክተር በእጁ አፉን ሸፍኖ ሲያቃስት ሁለት ጥርስ ከነደሙ መሬት ላይ ወደቀ። "አንተ ሌባ! አንተ ወራዳ!" ትላለች እትዬ፤ አንቱታው ከጥርሶቹ ጋር አብሮ ወልቋል። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሏታል። ስንት ዓመት ሙሉ የሰውን እጅ ስትይዝ የኖረች ሴት፣ ምት ለራሷ እጅ ይህን ያህል እንደሚያምርበት አታውቅም ነበር።

ፖሊሱ ሲደርስ ኮሪደሩ በሰው ጢም ብሏል። አንድ ደም የለበሰ ባለሱቅ፣ አንድ ፊቱ የደማ ግዙፍ ቦክሰኛ፣ አንዲት ትንሽ ሴትዮ አየ። ለማሰብ ጊዜ አልፈጀበትም፤ የማሙሽን እጅ ከኬዙ ላይ አላቆ ካቴና አስገባለት።

"እኔ ነኝ የመታሁት!" አለች እትዬ።

"ገባኝ፣ ገባኝ። እህት ነሽ፣ አይፈረድብሽም።"

"እኔ ነኝ እኮ እልዎታለሁ! እሱ ዕቃ ይዞ ነበር! ሰው ይጠይቁ!"

ፖሊሱ ፊት ለፊት ያለውን የቻርጀር ነጋዴ ጠየቀ። ነጋዴው ድብደባው ሲጀመር ሽንት ቤት ነበር፤ ቢሆንም "ቦክሰኛው ነው፣ በዓይኔ በብረቱ ያየሁት" ብሎ ማለ። ሌላውም ቦክሰኛው ነው አለ። ቦክሰኛ ቆሞ እያለ ማን ሊጥ አቡኪ ያያል?

ፖሊሱ በመጨረሻ ዶክተርን ጠየቀው። "ማን ነው የመታህ?"

ዶክተር በደም የተሞላ አፉን ይዞ እትዬን አየ፣ ተሰብስቦ የሚያየውን ነጋዴ አየ። በአንዲት ዳቦ ቤት ሠራተኛ ጥርሱ ረገፈ ከተባለ ነገ በዚህ ገበያ መሐል ቀና ብሎ አይሄድም። በቦክሰኛ መመታት ግን የሚወራ ነው። ጣቱን ቀሰረና ወደ ማሙሽ አመለከተ።

"እሱ ነው።"

ማሙሽ አንገቱን ደፍቶ ለመሄድ ተዘጋጀ። የዳኛዋ ቃል፣ የእስር ቤቱ በር፣ ሁሉም የእትዬ ዓይን ላይ መጣ። ሊወስዱባት ነው። ያውም በእሷ እጅ ሥራ።

"አላመኑኝም አይደል?" አለችው ፖሊሱን።

ከዚያ በሁለት እርምጃ ዶክተር ዘንድ ደረሰችና እጇን ጨብጣ አፍንጫውን መታችው። እንደ ሊጥ ነው የደቆሰችው፣ ከትከሻዋ። አፍንጫው ተጣመመ፤ ሰውዬው ያለ ድምፅ ተቀመጠ። ፖሊሱ አፉን ከፍቶ ቀረ። የቻርጀር ነጋዴው "ኧረ!" ብሎ ወደ ሱቁ ገባ።

 ከዚያ ፖሊሱ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ካቴናውን ከማሙሽ እጅ ፈታ።

"ነይ እንግዲህ" አላት። እጇን ዘረጋችለት፣ ግን ቀኝ እጇ እንደ ዳቦ አብጧል፤ ብረቱ ሲነካት ጮኸች። ማሙሽ ፖሊሱን ገፋ ሳያደርግ በትከሻው በኩል አልፎ እጇን በሁለት እጁ ያዘና አገላብጦ አየው።

"አውራ ጣትሽን ወደ ውስጥ ጨብጠሽ ነው የመታሽው" አለ። "እንደዛ አይመታም እኮ፣ እትዬ። ሰብረሽዋል።"

"ዕቃውን ሰብስብና ቤትህ ግባ!" አለችው። ሳቋም ለቅሷም አንድ ላይ መጣ። "ዕቃው እንዳይጠፋ! ለዳቦ ቤቱም ነገ አልመጣም ብለህ ደውል!"

ማሙሽ ዕቃውን ዞሮ እንኳ አላየውም። ፖሊሱ መኪናው ውስጥ ሲያስገባት ተከትሎ ገባና አጠገቧ ተቀመጠ። የተሰበረውን እጅ ጉልበቱ ላይ አሳረፈው።

"አንተን ማን ጠራህ? ውረድ!" አለው ፖሊሱ።

"እህቴ ናት" አለ ማሙሽ፤ አልወረደም።