ማርሊስ የጣደችው ድስት

ያን ቅዳሜ ጠዋት ማርሊስ ቡክሆልዝ ከባሏ ቀድማ ተነሳች። ሃርላን ከታች የዕቃ ኳኳታ ሲሰማ ሸሚዙን እንኳ ሳይቆልፍ ደረጃውን ተንደርድሮ ወረደ። ድሮ የሚስቱ ኳኳታ እንቅልፍ የሚያመጣለት ሰው ነበር። በመከር ወራት ግን ማርሊስ የጋዙን ምድጃ ለኩሳ፣ ፎጣ አጠገቡ ትታ፣ ፖስታ መጥቶ እንደሆነ ልታይ ወጣችና እዚያው በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ ቀረች። ሃርላን ከላሞቹ በረት ሲመለስ የወጥ ቤቱ መጋረጃ ይነድ ነበር። እሳቱን አጠፋ። በማግስቱ የምድጃውን መክፈቻዎች አንድ ባንድ ነቃቅሎ መኪናው ውስጥ ደበቃቸው። ማርሊስ መክፈቻዎቹ የት ሄዱ ብላ አልጠየቀችም፤ እሱም አላነሳባትም።

ከዚያ ወዲህ ለማርሊስ የቀረቻት ማብሰያ ያቺ ቀስ ብላ የምታበስል የኤሌክትሪክ ድስት ብቻ ነበረች። ነበልባል የላት፣ የሚፈናጠር ዘይት የላት። ጠዋት ይጥዷታል፣ ሲመሽ ያወርዷታል። ሥሯ ላይ የማርሊስ ስም በፕላስተር ተለጥፏል። በዚያ በዊስኮንሲን ገጠር ሴቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ድስት ስላለው፣ ስም ሳይለጥፍ ቤተ ክርስቲያን ድስት ይዞ የሚሄድ ሰው የለም።

የቤተ ክርስቲያኑ የበረዶ ወራት እራት ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ነበር። የማርሊስ ድርሻ፣ ሙሽራ ሆና ወደዚያ ሰፈር ከገባች ጀምሮ፣ ቋሊማና የቦካ ጎመን ነው። በሳምንቱ መጀመሪያ ላይ እራቱን የምታስተባብረው አርዲስ ደውላ ነበር።

«ሃርላን፣ ዘንድሮ ማርሊስን እናሳርፋት። እናንተ ዳቦ ብቻ ይዛችሁ ኑ።»

«ምን ሆና ነው የምታርፈው?»

«ኧረ አንተም ታውቃለህ። ያን ጊዜ ኬኩ ውስጥ በስኳር ፈንታ ጨው ስታደርግ እኮ ሰው በጨዋነት ነው የበላው።»

«ቋሊማዋን ይዛ ትመጣለች» ብሎ ጆሮዋ ላይ ዘጋው።

ይዝጋው እንጂ ልቡ አላረፈም። ይህ ድስት ከተበላሸ ሴቶቹ ማርሊስን ከእንግዲህ ጥግ ላይ አስቀምጠው ሻይ የሚያቀርቡላት እንግዳ ነው የሚያደርጓት። እራቱ በሚበላበት የቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ውስጥ ዕድሜዋን ሙሉ ሽር ጉድ ስትል የኖረች ሴት ይህን አትችለውም። እሱም ቆሞ ማየቱን አይችለውም።

ወጥ ቤት ሲገባ ማርሊስ የቦካውን ጎመን ከጓዳው ጋን ቀድታ አምጥታ በእጇ ትጨምቃለች። ያን ጎመን አብረው ነው የሠሩት፤ እሱ ሲከትፍ፣ እሷ ጨው ስትነሰንስ፣ እሱ ውኃው እስኪወጣ በቡጢው ሲጠቀጥቅ። ሃርላን ጋዜጣውን ዘርግቶ ተቀመጠ። አንድ ፊደል አላነበበም።

ግማሹን ጎመን ከሥር አነጠፈች። ሽንኩርቱን በላዩ ደረደረች፣ ፖሙን ከተፈች፣ አዝሙዱን በመዳፎቿ መሀል አሸት አሸት አድርጋ በተነችው። ቋሊማውን ሰያፍ ሰያፍ እየቆረጠች መሀል ላይ ጋደም አደረገችው፤ የቀረውን ጎመን እንደ ብርድ ልብስ አለበሰችው። እጇ አንድም ቦታ አልተደናገረም።

«ምን ታፈጥብኛለህ?» አለች ሳትዞር።

«ጋዜጣ እያነበብኩ ነው።»

«ልትወልድ የደረሰች ላም መሰልኩህ እንዴ? ሂድ በረዶህን ዛቅ።»

«ስኳሩን አደረግሽ?»

«አድርጌያለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያደረግኩት ደግሞ። ካላመንክ ቅመሰውና ጨው ይሁን ስኳር ንገረኝ!»

ሃርላን ሳቁ አመለጠው። እንዲህ ብላ ካበሸቀችው ስንት ጊዜዋ! ገመዱን ሶኬት ውስጥ ሰካች፣ ማብሪያውን ዝቅተኛው ሙቀት ላይ አደረገች፣ ክዳኑን ገጠመች። «ማንም ሰው እንዳይከፍተው» ብላ አስጠንቅቃ ጋደም ልትል ወደ ላይ ወጣች።

ደስ አለው። ደስ ስላለው ሐሳቡ ሁሉ ወደ ውጭ፣ ወደ ተቆለለው በረዶ ሄደ። ኮቱን ደረበ፣ ቆቡን ደፋ። ከእሳቱ ቀን ወዲህ ወጥ ቤቱን ሳይዞር ከቤት አይወጣምና እንደ ልማዱ አንድ ዙር ዞረ። ከዚያ አካፋውን አንስቶ ወጣ።

የራሱን ደጅ ጠርጎ፣ የቤተ ክርስቲያኑንም ደጃፍ ጠርጎ ከሰዓት በኋላ ሲመለስ ማርሊስ የክት ልብሷን ለብሳ ጠበቀችው። ድስቷን በወፍራም ፎጣ ጠቅልላ፣ ካርቶን ውስጥ ከትታ፣ በሲባጎ አስራዋለች።

«ምነው ቸኮልሽ?»

«እንሂድ» አለች።

መኪና ውስጥ ካርቶኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ሁለት እጇን ላዩ ላይ ጫነች። መንገዱን በሙሉ ቃል አልተነፈሰችም። ሃርላን ለእራቱ ጨንቋት ነው ብሎ ተወት አደረጋት።

የቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ፊውዙ ደካማ ነው። አንድ መስመር ላይ ድስት ከበዛ አገሩ ሁሉ ይጨልማል። ስለዚህ እያንዳንዷ ሴት የራሷ ሶኬት አላት፤ ባለሶኬቷ ካልሞተች ሶኬት ወደ ሌላ አይተላለፍም። የማርሊስ ሶኬት በመስኮቱ ሥር ያለው ነው። ሲደርሱ የአንዲት ወጣት ሙሽራ ድስት ተሰክቶበት አገኙት።

አርዲስ ፊቷ ቀላ። «አይ፣ ምናልባት ካልመጣችሁ ብለን ነው እኮ» አለችና የሙሽሪትን ገመድ ነቀለች። ነገሩን ለማለስለስም ካርቶኑን ከሃርላን እጅ ተቀብላ፣ ሲባጎውን ፈትታ፣ ፎጣውን ገላልጣ፣ «እስቲ የማርሊስን ሽታ ልማግ!» ብላ ክዳኑን አነሳች።

እንፋሎት የለም። ጎመኑን ገለጥ አደረገችው፤ ሽንኩርቱ እንደ ነጣ ነው። ፖሙም እንደ ተከተፈ ጥሬውን ተቀምጧል። ድስቱ ቀዝቃዛ ነው።

ሴቶቹ መጀመሪያ ድስቱን፣ ቀጥሎ ማርሊስን አዩ።

«ምንም አይደል ማርሊስዬ» አለች አርዲስ፣ በዚያ ለታመመ ሰው በሚወጣ ድምፅ። «ማንም ሰው ይረሳል።»

«ሳልሰካው ቀርቼ ነው» አለች ማርሊስ ወለል ወለሉን እያየች። «ከእንቅልፌ ስነሳ ገመዱ ተንጠልጥሎ ነበር። ሳልናገር... እዚህ ይሞቃል ብዬ ነው።»

ሃርላን ክው አለ። ያ ዙር! ቡና ማፍያው፣ ዳቦ መጥበሻው፣ ቀጥሎ... እጁ ያን ጥቁር ገመድ ሲስብ አሁን ታየው። የእጁን ሥራ ልቡ እስከዚያች ደቂቃ አላወቀውም ነበር።

«እሷ ሰክታዋለች» አለ። «የነቀልኩት እኔ ነኝ።»

አርዲስ ክንዱን ያዝ አደረገችው። «አውቃለሁ ሃርላን።»

«ምኑን ነው የምታውቂው? ነቅዬዋለሁ ነው የምልሽ! በእነዚህ እጆቼ!»

«ደግ ባል ነህ» አለች ከወዲያ አንዷ። ዓይኗን ጠረገች።

«ደግነት አይደለም!» ብሎ ጮኸ። በጮኸ ቁጥር ደግነቱ በዓይናቸው እየበዛ ሄደ። ሰው ዕድሜውን ሙሉ እውነተኛ ሆኖ ኖሮ፣ አንድ ቀን እውነት ሲያስፈልገው የሚያምነው ያጣል። ሃርላን ክዳኑን ከአርዲስ እጅ ነጠቀና ድስቱን ታቅፎ፣ ሚስቱን አስከትሎ ወጣ። የሙሽሪት ድስት ወደ መስኮቱ ሥር ተመለሰ።

ቤት ሲደርሱ ድስቱን ቦታው ላይ አስቀመጠው። ማርሊስ ኮቷን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

«ለእነሱ ብለህ ነው ያልከው?»

«አይደለም። ከእሳቱ ወዲህ ከኋላሽ እየተከተልኩ ገመድ እነቅላለሁ። ልማድ ሆኖብኝ ድስቱንም ነቀልኩት።»

«ከእሳቱ ወዲህ?»

«ሁልጊዜ።»

ወጥ ቤቱን ዙሪያውን ቃኘችው፤ አዲስ ቤት የገባች ትመስል ነበር።

«ቡና ማፍያው? አፍልቼው ዞር ስል የሚቀዘቅዘው?»

«እኔ ነኝ።»

«ካውያውስ?»

«እኔ ነኝ።»

«ሬዲዮኔስ? እየሰማሁ ብድግ ብዬ ስመለስ ዝም ብሎ የማገኘው?»

«እሱንም የነቀልኩት እኔ ነኝ፣ ማርሊስ።»

እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ሃርላን፣ እኔ እኮ ሁሉንም ያጠፋሁት ራሴ ነኝ ብዬ ነበር። ከፍቼው ይሆን፣ ሳልከፍተው ቀርቼ ይሆን እያልኩ... መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቅስ ነበር።»

ሃርላን ከእሳት የጠበቃት መስሎት ነበር። ያላበደችውን እብደት ሲያሸክማት ከርሟል።

«መጋረጃውስ?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እሳቱስ?»

አሁን ቢዋሽ ታምነዋለች። ፊቷ ላይ ይነበብ ነበር፤ አንድ ቃል ብቻ ነው የምትጠብቀው።

«እሳቱ ያንቺ ነው።»

«ኬኩ ውስጥ ያለው ጨውስ?»

«ያንቺ ነው።»

ማርሊስ አንገቷን ነቀነቀች። ከዚያ ተነስታ ኮቷን አወለቀችና ወንበሩ ላይ ጣል አደረገችው።

«እሺ። የእኔን አወቅኩት። የአንተን ግን ከእንግዲህ አታሸክመኝ።»

ገመዱን አንስታ ሶኬት ውስጥ ሰካች። ማብሪያውን አዞረች፣ ክዳኑን በእጇ ጫን አድርጋ አየችው።

«ዛሬ እኮ አይደርስም» አለ ሃርላን።

«ይድረስ አይድረስ አንተን አይመለከትህም። ተቀመጥ። እጅህን ጠረጴዛው ላይ አድርግ፣ የማየው ቦታ።»

ሃርላን ተቀመጠ። ሁለት እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ገመዱ ከክንዱ አጠገብ ነበር፤ አልነካውም።