የላፍቶ ሰዓት

ቀመሪያ ኮምፒውተሩ ላይ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስን ጭና ስትጨርስ የጠበቃት ግራጫ ገጽና መሃሉ ላይ የተገተረ ኤክስ ብቻ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ባዶ ቤት ገባሁ ብሎ በከፋው፤ እሷ ግን ደስ አላት። ባዶ ቤት ውስጥ ዕቃውን በፈለግሽው ቦታ የምታስቀምጪው ራስሽ ነሽ። ኮምፒውተሩ ትሠራበት የነበረው መሥሪያ ቤት ሲዘጋ የተረፋት ነው። ሲዲውን ያዋሰቻት ዩኒቨርሲቲ የምትሠራው ጓደኛዋ ሀና ናት። ወሬው ሁሉ ዊንዶውስ በነበረበት በዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ያውም ላፍቶ ተቀምጦ፣ ይህ የጤና አይመስልም ነበር።

የታሰበው እንዲህ ነው። አባቷ አቶ ከድር የግቢያቸውን የመንገድ ዳር ክፍል ከለቀቁላት የሰፈሩን ሰው ኮምፒውተር ታስተምርበታለች። ካልለቀቁላት ፀጉር አስተካካዩ ቱሉ ይከራየዋል፤ ቱሉ እንደሆነ መስተዋቱን ሳይቀር ገዝቶ ጨርሷል። አባቷ እሺም እምቢም ሳይሉ፣ ዓርብ ከጁምዓ መልስ ዕቃውን አይቼ እወስናለሁ ብለዋታል። ቀመሪያ ሥራ ፍለጋ የሰው ደጅ መጥናት አንገሽግሿታል። ይህ ክፍል ካመለጣት ሌላ እንደማታገኝም ታውቃለች።

ስለዚህ ጥርሷን ነክሳ ገባችበት። ሊኑክስ ላይ ነገሩ ሁሉ በጽሑፍ ነው፤ አንድ መስመር ትለውጫለሽ፣ ገጹን እንደገና ታስነሺያለሽ፣ ካልወደድሽው ትመልሽዋለሽ። ግራጫውን በጥቁር አረንጓዴ ቀየረችው። ፊደሉን አሳደገችው፤ የሰፈሯ ሰው መነጽር ያስፈልገዋል እንጂ አያደርግም። መስኮት የሚዘጋውን ምልክት የጀማሪ እጅ በስህተት እንዳይነካው ወደ ጥግ አባረረችው። ማውሱን ደግሞ ለግራ እጅ አዞረችው። ቀመሪያ ግራኝ ናት። ዕድሜ ልኳን ግራሽን ሰብስቢ ስትባል ኖራ አንድ ዕቃ እንኳ ለእሷ ሲታዘዝ በማየቷ ብቻዋን ሳቀች።

ረቡዕ ዕለት አባቷ ሲያልፉ አንገታቸውን አስግገው አዩ። የገጹ ጥግ ላይ ያለው ሰዓት አሥራ ስድስት ይላል። የእጅ ሰዓታቸውን ተመለከቱ፤ አሥር ሰዓት ነው። ሰዓት የማያውቅ ዕቃ ምን ሊያስተምር ነው ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ቀመሪያ ተከትላ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ነው ብትላቸው ይባስ ፊታቸው ጠቆረ። በዚህች ይህን ያህል ይቆጣሉ ብላ አልጠበቀችም። የሽማግሌ ነገር ብላ ግን አላለፈችውም፤ እልህ ያዛት።

መጀመሪያ የታያት አቋራጭ ሰዓቱን በስድስት ወደ ኋላ መጎተት ነበር። ጎተተችው። ማሽን ግን ሰዓት ሲያታልሉት ያኮርፋል፤ ቅድም የጻፈቻቸውን ፋይሎች ሁሉ ገና ወደፊት የሚጻፉ እያደረገ ይነጅሳት ጀመር። ሀና ጋ ብትደውል ሀና ከት ብላ ሳቀችባት። ሰዓቱን አትንኪው፣ የሚኖርበትን አገር ብቻ ለውጪበት አለቻት። እኛ ዘንድ ሲነጋ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ ለፈረንጅ ደግሞ አሥራ ሁለት ማለት እኩለ ሌሊት ነው፤ ስለዚህ እዚህ ሲነጋ እኩለ ሌሊት የሚሆንበት ከተማ ፈልጊ።

ቀመሪያ ኮምፒውተሩ የሚያውቃቸውን ከተሞች አንድ በአንድ ሞከረች። አንዳንዱ ልክ ነው ሲባል ለበጋና ለክረምት እያለ በዓመት ሁለቴ ሰዓቱን የሚገለባብጥ ጉደኛ ሆኖ ይገኛል። በመጨረሻ የማይወላውል ተገኘ፤ ፓራማሪቦ ይባላል። የት እንዳለ አታውቅም፤ ሀናም ደቡብ አሜሪካ መሰለኝ ከማለት አላለፈችም። ቁጥሩም ከአሥራ ሁለት እንዳያልፍ አደረገችው። እንዲህ ሆኖ ኮምፒውተሩ ፓራማሪቦ ነኝ እያለ፣ ላፍቶ ተቀምጦ፣ የሐበሻ ሰዓት ይቆጥር ጀመር። ቀኑም የሚለወጠው እንደኛው ሲነጋ ነው። ስሙ ግን አልተዋጠላትም። የፓራማሪቦን ፋይል ገለበጠችና ላፍቶ ብላ ሰየመችው። ላፍቶም ከለንደንና ከቶኪዮ ጋር እኩል ተሰለፈች። ቀመሪያ ኮራች፤ ደግሞስ ለምን አትኮራ።

ዓርብ አባቷ ከጁምዓ ተመልሰው ኮፍያቸውን ሳያወልቁ ገቡ። ቀመሪያ ልትናገር ያሰበችው ሁሉ ጠፋባትና በጣቷ የገጹን ጥግ አሳየቻቸው። ስምንት ሰዓት ይላል። የእጅ ሰዓታቸውም ስምንት ነው። ደስ ይላቸዋል ብላ ስትጠብቅ የእጅ ሰዓታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑት።

«ሆስፒታል እናትሽን ስምንት ሰዓት አምጣት አሉኝ» አሉ። «በስምንት ሰዓት ወሰድኳት።»

ቀመሪያ አልገባትም። እናቷ ስትሞት ልጅ ነበረች፤ ሲነገራት የኖረው ሐኪሙ ሳይመጣ ቀርቶ ነው ተብሎ ነው።

«ሐኪሙ መጥቶ ነበር። ፈረንጅ ነው፤ ጠዋት ጠብቋት ሄደ። የእሱ ስምንት የኛ ሁለት ሰዓት ነበር። ሌላ ቀጠሮ እስኪሰጡን አልቆየችልኝም፤ አላህ ይዘንላት። ለማንም አልተናገርኩም። ምን ብዬ ልናገር? ሰዓት ተሳስቼ ሚስቴን ገደልኩ ልበል?»

«አባዬ፣ በማን ሰዓት ብለው አልጠየቁም እንጂ አልገደሉም» አለች ቀመሪያ። ከአፏ ካወጣችው በኋላ ደነገጠች። እሳቸው ግን አልተቆጡም። የቀድሞው የፈረንጅ ሰዓት የት ሄደ ሲሉ ጠየቋት። አጥፍቼዋለሁ አለች።

«መልሺው። ከዚህኛው ጎን አድርጊው። ሰው ሲመጣልሽ ከሁሉ በፊት ሁለቱን ሰዓት አስተምሪ። ለቱሉ እኔ እነግረዋለሁ።»

ክፍሉን ሰጧት ማለት ነው። ቀመሪያ ግን በደስታ መፈንደቅ አልቻለችም፤ እንባዋ ፊደሉን እያደበዘዘባት አንድ መስመር ጻፈችና ገጹን አስነሳችው። ሁለት ሰዓቶች ጎን ለጎን ወጡ። አባቷ ወንበር ስበው ከአጠገቧ ተቀመጡና፣ ከሁለቱ የትኛው የፈረንጁ እንደሆነ ጠየቋት።