ከግራ ወደ ቀኝ የሚሻገረው ድምፅ

ዳሀቦ ድሬዳዋ ተማሪ ሳለች አንድ ሲዲ ገዝታ ነበር። ሽፋኑ ላይ በአሸዋ መሀል የተንጣለለ ሰማያዊ የዋና ገንዳ ይታያል። የውጭ አገር ባንድ ነው፤ ሮክ ነው ቢባልም አያደነቁርም። ጊታሩ ወደ ኋላ የሚጫወት ይመስላል፤ ከበሮው ውሃ ውስጥ ሆኖ የሚመታ፣ ዘፋኙም ከእንቅልፉ ገና ያልነቃ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት አለፈ። ሀርጌሳ ገባች፣ የእርዳታ ድርጅት አስተርጓሚ ሆነች፣ ዋይስን አግብታ ጅግጅጋ ያር በሚባለው የከተማው ሰፈር ቤት ተከራየች። "ሰማያዊው" የምትለው አልበም ግን ከስልኳ ጠፍቶ አያውቅም።

ዋይስ አይወደውም። እሱም ያደገው ድሬ ነውና በአማርኛ ነው የሚያማርራት፦ "አቦ፣ ይሄን ጭጋግሽን ዝጊልኝ!" ይልና ሰገነት ላይ ይወጣል።

ባለፈው ዓመት ዳሀቦን ትኩሳት ጣላት። ስትድን የግራ ጆሮዋ ዝም ብሎ ቀረ። ሐኪሙ ደጋግሞ መረመራትና "ይሄኛው አይመለስም" አላት። "አልሐምዱሊላህ፣ ቀኙ አለ" ብላ ወጣች። ቢሮ ወንበሯን አዞረች፤ ባጃጅ ከየት በኩል እንደሚመጣ በዓይኗ መፈለግ ለመደች። ሰማያዊውን ግን ስምንት ወር ሙሉ አልነካችውም።

አንድ ዓርብ ከሰዓት ሰፈሩ ምሳውን በልቶ በእንቅልፍ ጭልጥ ሲል፣ ነፋሱ መጋረጃውን እያነሳ ሲጥል፣ አልጋ ላይ ተቀምጣ ማዳመጫውን በሁለቱም ጆሮዋ ሰካችና ከፈተችው። አምስተኛው ዘፈን ውስጥ አንድ ድምፅ አለ። ደወል ይሁን ወፍ አይለይም፤ ከግራ ጥግ ይነሳና ጭንቅላትን አቋርጦ በቀኝ ይወጣል። ጠበቀችው። ከየትም ሳይመጣ በቀኝ በኩል ድንገት ብቅ አለ።

ዋይስ ሲገባ ፊቷን አየና በቀኟ ተቀመጠ።

"ምን ሆንሽ?"

"ግማሹ የለም።"

"ስልኩ የግራውንና የቀኙን ድምፅ ወደ አንድ ጆሮ አያመጣልሽም?"

"ያመጣል። ግን ሁሉም አንድ ላይ ይደፈቃል፤ መንገዱ ይጠፋል።"

ዋይስ ተነሳ። ዞሮ በግራዋ ተቀመጠ፣ የግራውን ማዳመጫ ከጆሮዋ ነቅሎ በራሱ ጆሮ ሰካና ዘፈኑን ከመጀመሪያው መለሰው። ከዚያ እጇን ያዘ።

ጊታሩ ሲመጣ መዳፏን በጣቱ ቀስ ብሎ ጫር ጫር አደረገ። ከበሮው ሲገባ አንጓዋን መታ መታ። ዳሀቦ ዓይኗን ጨፈነች። ደወሉ ጋ ሲደርሱ ጣቱ ከአንጓዋ ተነሳ፤ በክንዷ፣ በትከሻዋ፣ በአንገቷ አድርጎ እየተሳበ ወጣና የሞተው ጆሮዋ ጋ ቆመ። በዚያው ቅጽበት ድምፁ በቀኝ ጆሮዋ ተከፈተ። ክፍሉም፣ ነፋሱም፣ እሷም አብረው የተሻገሩ መሰላት።

ዘፈኑን አቆመችና ዞረችበት።

"ጣትህ ከደወሉ ቀድሞ ነው የተነሳው። እንዴት አወቅክ?"

ዋይስ አፈረ። "አሥራ አራት ዓመት ሰገነት ላይ ስወጣ አይሰማኝም ነበር እንዴ? ወላሂ ከዳር እስከ ዳር አውቀዋለሁ። አልወደውም አልኩ እንጂ አላውቀውም አላልኩ።"

"አሁንስ?"

"እንጃ። ከጎንሽ ሆኖ ሲሰማ ሌላ ነው።"

እየሳቀች መልሳ ከፈተችው። ደወሉ ካለፈ በኋላ ደነገጠች። በቀኝ በኩል፣ ከሩቅ፣ አንዲት ሴት በቀስታ ትስቃለች።

"ሰማሃት?"

"ማንን?"

"የምትስቀዋን ሴት። እኔም ገና ዛሬ መስማቴ ነው፤ ለካ የግራው ጊታር ሸፍኗት ኖሯል!"

"በኔ በኩል የለችም። ስጪኝ እስቲ።"

የቀኙን ነቅላ በጆሮው ሰካችለትና ዘፈኑን ወደ ኋላ መለሰችው። ዋይስ ሁለቱንም አድርጎ አቀርቅሮ ተቀመጠ። ዳሀቦ በጸጥታው ውስጥ ሆና ፊቱን ታየው ጀመር። መጀመሪያ ግንባሩ ተቋጠረ። ቆይቶ ከንፈሩ ላላ፤ ራሱን ቀና አደረገ።

"አገኘኋት!" አለ፣ ማዳመጫ ያደረገ ሰው እንደሚጮኸው ጮክ ብሎ።