የክፍሉ ጸጥታ

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ መጀመሪያ ያመመኝ ሆዴ ሳይሆን ትከሻዬ ነበር። ለነርሷ ስነግራት አልገረማትም።

«ሆድሽን ሲሠሩ አየር ሞልተውት ነበር። የተረፈው ወደ ላይ እየገፋሽ ነው። ተነሽና ተራመጂ።»

ግሉኮሱ የተሰቀለበትን ብረት እየገፋሁ በኮሪደሩ ተመላለስኩ። ታናሽ እህቴ የሆስፒታሉን ቀሚስ ከኋላዬ እየሰበሰበች ትከተለኛለች።

«እታለም፣ ወጣ?»

«ምኑ?»

«አየሩ ነዋ።»

«ድምፅሽን ቀንሺ።»

«እዚህ ፎቅ ላይ የተኛ ሰው ሁሉ የሚጠብቀው እሱኑ ነው። ማን ይታዘብሻል?»

ሳቄ ስፌቱን ስለነካው ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ። ከባለቤቴ ቀብር ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም ነበር።

ቀዶ ሕክምና የገባሁት ለቁመና ብዬ አይደለም። ጉልበቶቼ ደረጃ እምቢ ብለው ነበር፤ ስኳሬም በኪኒን አልመለስ አለ። ሐኪሙ ጨጓራዬን ቆርጦ ትንሽ ከረጢት አድርጎ ተወልኝ። ረሃብ እንደሚያስቸግረኝ አስቤ ተዘጋጅቼ ነበር። ረሃብ አልመጣም፤ የመጣው ንፋስ ነው። ሁለት ጉርሻ ያህል ሾርባ ስቀምስ ሆዴ እንደ ከበሮ ይወጠራል፤ አየሩ ከጎድኔ ሥር እየተሽከረከረ ይወጋኛል። ቀስ በቀስ ዘዴውን ተማርኩ። ማንኪያውን በየመሃሉ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ። ውሃ ከምግብ ጋር አልጠጣም፤ ለብ አድርጌ ቆይቼ ጠብ ጠብ አደርገዋለሁ። ለስላሳ መጠጥ ድሮ ቀረ። ወተት ስወደው የኖርኩት ነገር ነበር፤ ጠላቴ ሆነ። ሲብስብኝ በግራ ጎኔ ተኝቼ ጉልበቶቼን ወደ ደረቴ እሰበስባለሁ፤ አለዚያም ሳሎኑን እዞራለሁ። እህቴ በየቀኑ ትደውላለች።

«ዛሬስ የአየር ሁኔታው እንዴት ዋለ?»

«ደመናማ ነው፤ ነጎድጓድም አለው።»

«ዝናብ እንዳይጨምርበት ብቻ።»

ቤት ውስጥ ይህ ሁሉ ይቻላል። ሥራ ቦታ ግን አይቻልም፤ የእኔ ሥራ ጸጥታ ይፈልጋል። ማየት ለተሳናቸው ሰዎች መጻሕፍትን በድምፅ በሚቀርጽ ማኅበር ውስጥ አንባቢ ነኝ። ባለቤቴ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ዓይኑ ሲደክም ማታ ማታ አነብለት ነበር። እሱ ከሄደ በኋላ አፌ ሥራ ፈታ። ማኅበሩ አንባቢ እንደሚፈልግ ስሰማ በዩኒቨርሲቲ ያገኘሁትን ወረቀት ይዤ ሄድኩ፤ እነሱ ግን ድምፄን ብቻ ሰምተው ቀጠሩኝ።

ለቢሮው የሐሞት ጠጠር አስወጣሁ ብዬ ነበር። ሐሞት ያለ ጥያቄ የሚታለፍ በሽታ ነው። በውፍረት ላይ ግን ሐሳብ የሌለው ሰው የለም። እውነቱን ከእህቴ ሌላ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ድምፅ ቀራጫችን ነው። ሁላችንም «ጆሮ» እንለዋለን። ከጎን ባለው ክፍል የሚገለጥ ገጽ ይሰማል የሚባልለት ሰው ነው። እሱ ከመስታወቱ ወዲያ ማዳመጫውን አጥልቆ ይቀመጣል፤ እኔ የራሴን አጥልቄ ከመስታወቱ ወዲህ ከማይክሮፎኑ ፊት።

ወደ ሥራ በተመለስኩበት ቀን ገና የመጀመሪያውን ገጽ ሳልጨርስ እጁን አነሳ።

«እትዬ፣ ወንበሩ ነው እንዴ የሚንቋቋው?»

«ወንበሩ አይደለም።»

«ቧንቧ ነው?»

«ሆዴ ነው።»

ማዳመጫውን አውልቆ በሩን ከፍቶ ገባ። ከየት እንደምጀምር ስለማላውቅ ሁሉንም ነገርኩት። አንዴም አልሳቀም።

«እዚህ የተሰማ ነገር እዚሁ ይቀራል» አለኝ። «ድሮም እኮ ይጮህ ነበር፤ ያኔ ብርድ ልብስ ለብሶ ስለነበር አይሰማኝም ነበር።»

ይህን እሱ ባይሆን የሚለው እቀየም ነበር። ከዚያ ወዲህ ማይክሮፎኑን ከፍ አደረገልኝ፤ ጭኔ ላይ የማስቀምጠው ወፍራም ትራስ ከቤቱ አመጣ። ስለ አመጋገቤ የምትከታተለኝ ባለሙያ ድምፅ አውጥቼ ሳነብ አየር እንደምውጥ ነግራኝ ነበር። ይህን ሲሰማ ነጠላ ሰረዝ ላይ በአፌ መተንፈስ እንዳቆም አብሮኝ ተለማመደ። ስሳሳት በመስታወቱ ውስጥ አፍንጫውን በጣቱ ይነካል። ወጋኝ ስል ቀረጻውን ያቆምና ኮሪደሩን እንዞራለን። ሰው ሲያየን ስለ ሥራ የምንነጋገር ይመስላል። እውነቱን ለመናገር፣ ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ሳልሸፋፈን አብሬው የምውል ሰው እሱ ብቻ ነበር።

በእኛ ሥራ አንድ ልማድ አለ። ምዕራፍ ባለቀ ቁጥር የክፍሉን ጸጥታ እንቀርጻለን። አንባቢው ሳይነቃነቅ ይቀመጣል፤ ቀራጩ ባዶውን ክፍል ይቀዳል። ሳል ወይም የተሳሳተ ቃል ተቆርጦ ሲወጣ ክፍተቱ የሚጠገነው በዚያ ጸጥታ ነው። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ጸጥታ አለው፤ የሌላው አይገጥመውም። ቀይዋ መብራት የምትበራው ለንባብ ብቻ ስለሆነ ለጸጥታው ትጠፋለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ረጅም ምዕራፍ ጨርሼ መብራቷ ጠፋች። ደክሞኝ ስለነበር ጸጥታው እየተቀረጸ መሆኑን ዘነጋሁ። ሆዴ ከታች ጀምሮ እየተንከባለለ መጣና ክፍሉን የሞላ ድምፅ አወጣ። እኔም ሳላስበው፣

«ተቀመጥ፣ እኔው ነኝ» አልኩ።

ከመስታወቱ ወዲያ ጆሮ ቀና አለ።

«ማንን ነው ተቀመጥ ያልሽው?»

መመለስ አልነበረብኝም። ግን ኮሪደሩን አብሮኝ የሚዞር ሰው ነው፤ መለስኩለት። ሳነብለት ሆዴ ከጮኸ ባለቤቴ ከወንበሩ እንደመነሳት ይልና «ሰው መጣ መሰለኝ፤ ልክፈት?» ይለኝ ነበር። እኔ ደግሞ «ተቀመጥ፣ እኔው ነኝ» እለዋለሁ። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ሁልጊዜም ያስቀን ነበር። ሆስፒታል ተኝቶ መናገር ሲያቅተው እንኳ ሆዴ ሲጮህ እጁን ከአልጋው አንሥቶ ወደ በሩ ጠቆመኝ። ይህን ለእህቴም ነግሬያት አላውቅም።

ጆሮ በመስታወቱ ውስጥ ራሱን ነቀነቀ።

«አጥፋው» አልኩት።

«አጠፋዋለሁ። ሌላ ጸጥታ እንውሰድ።»

ሌላ ወሰድን። እኔም ረሳሁት።

ማኅበራችን ዓመቱ ሲያልቅ ሠራተኛውን ሁሉ አዳራሽ ሰብስቦ ኬክ ይቆርሳል። ከኬኩ በፊት ደግሞ የጆሮ ተራ ነው። ዓመቱን ሙሉ ከቀረጻ የወደቀውን ያጠራቅምና ያሰማናል፤ የተሳሳተ ቃል፣ ማስነጠስ፣ በመሃል የጮኸ ስልክ። ያን ቀን መጀመሪያ የኃላፊያችን የተቀረጸ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር ቀረበ፤ እሷ አንዱን ቃል ሦስት ጊዜ ሞክራ በአራተኛው ስትሳደብ ይሰማል። ከሁሉም ይልቅ የሳቀችው ራሷ ነበረች። እኔም ስቄያለሁ።

ከዚያ ሆዴን ሰማሁት።

ከአዳራሹ ትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች ሲወጣ ከራሴ ሆድ የወጣ አይመስልም ነበር። ሰው ሁሉ አንገቱን ቀና አደረገ። ወዲያው በር ተንኳኳ፤ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ቀጥሎ የእኔ ድምፅ፣ ለስለስ ብሎ፣ ለአንድ ሰው ብቻ በሚወጣ ድምፅ፣

«ተቀመጥ፣ እኔው ነኝ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሒሳብ ሹሙ ጠረጴዛውን ይደበድባል። ኃላፊያችን እንባዋን እየጠረገች ወደ እኔ ዞረች።

«ሆድሽን ነው እንደ ሰው ተቀመጥ የምትይው?»

«እሱን ነው» አልኩና ሳቅኩ። ፊቴ ላይ ሌላ የማደርገው ነገር አልነበረኝም።

«ሐሞት ከወጣ በኋላ ሆድ እንዲህ ይሆናል እንዴ?» አለ ሒሳብ ሹሙ። «እኔ የእኔን አላስወጣም።»

ወደ ጆሮ ተመለከትኩ። መሣሪያው ላይ አጎንብሶ፣ ሥራው እንደሰመረለት ሰው ለራሱ ፈገግ ብሏል። የተንኳኳው በር በቀረጻው ውስጥ አልነበረም። ከሌላ ቦታ አምጥቶ፣ በሆዴና በቃሌ መካከል በልኩ ቆርጦ ያስገባው እሱ ነው። በር መኖር እንዳለበት የሚያውቅ ደግሞ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከእኔ ሌላ እሱ ብቻ ነበር።

ኬኩን አልቀመስኩም። አልተፈቀደልኝም አልኩ፤ ይህም እውነት ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከአዳራሹ ወጥቶ ቢሮውን ዞረ። በር የሚያንኳኳ ሁሉ «ተቀመጥ፣ እኔው ነኝ» እያለ ይገባል። የጥበቃ ሠራተኛው ጠዋት ሲያየኝ ያቺኑ ቃል በፈገግታ ይላታል። ሒሳብ ሹሙ ስብሰባ አርፍዶ ሲገባ ለኃላፊዋ አላት፤ ስብሰባው በሳቅ ተፈታ። በክፋት አልነበረም። ወደዷት፤ የወደዱትን ነገር ደግሞ ሰው በእጁ ይዞ መዞር ይወዳል።

ጆሮን ለብቻው እስከማገኘው ድረስ ጠበቅኩ። ገመድ እየጠቀለለ ነበር።

«አጥፋው ብዬህ ነበር።»

እጁን አላቆመም። «እትዬ፣ የቀዶ ሕክምናሽን ነገር ትንፍሽ አላልኩም እኮ። ሰው ሁሉ ሐሞት ነው ብሎ ነው የሚያውቀው።»

«በሩን ማን አንኳኳ?»

ገመዱን አስቀመጠው።

«ያለ በሩ አይገባቸውም ነበር» አለ።

«እንዲገባቸው ማን ጠየቀህ?»

«በጣም ያምር ነበር እኮ። ላጠፋው ሁለት ሦስቴ አነሣሁት፤ እጄ እምቢ አለኝ። ባለቤትሽም ቀልደኛ ነበር ብለሽኛል፤ ቢኖር ኖሮ ደስ ይለው ነበር ብዬ ነው።»

«አታውቀውም።»

«ልክ ነሽ፤ አላውቀውም። ጥፋቴ ነው። አሁኑኑ ላጥፋው?»

«አሁን የት ያለውን ነው የምታጠፋው?»

ትራሱን ከወንበሬ ላይ አንሥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። ከቤቱ ያመጣው ነው።

ያን ቀን ቤት ገብቼ ከባለቤቴ ወንበር ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። አልፎ አልፎ ነገ የምቀረጸውን እዚያ ጮክ ብዬ እለማመዳለሁ። አንድ ገጽ እንዳነበብኩ ሆዴ ጮኸ። ቃሉ ወደ አፌ መጣ፤ ከእሱ ቀድሞ ግን ማንኳኳቱ መጣ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። እኛ ቤት ማንም አንኳኩቶ አያውቅም ነበር። ቀልዱ ሁሉ በሩ ዝም ማለቱ ላይ ነበር፤ ባለቤቴ ላልተንኳኳ በር መነሳቱ ነበር የሚያስቀን። አሁን ግን ማንኳኳቱን ከውስጡ ላወጣው አልቻልኩም። ከኋላው የሒሳብ ሹሙ ሳቅ ይከተላል። ባለቤቴ ከወንበሩ ከፍ ሲል ላየው ሞከርኩ፤ የታየኝ አዳራሹ ነው።

እህቴ ደወለች።

«የአየር ሁኔታው እንዴት ነው?»

«ደህና ነው።»

«ድምፅሽ ደህና አይመስልም።»

«ወተት ጠጥቼ ነው» አልኳት።

አላመነችኝም፤ ግን አልነዘነዘችኝም። ጉልበቶቼን ሰብስቤ በግራ ጎኔ ተኛሁ። ለሆድ የሚሆነውን ሁሉ አውቀዋለሁ፤ አየሩም ቆይቶ ወጣ።

የመጽሐፉ የመጨረሻ ምዕራፍ ቀርቶኝ ነበር። ሌላ አንባቢ እንዲጨርሰው መጠየቅ ይቻል ነበር፤ ሆኖም በመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ድምፁ የሚለወጥበት አድማጭ ምን አጠፋ? ሄጄ ተቀመጥኩ። ጭኔ ላይ ምንም አላደረግሁም። በየነጠላ ሰረዙ በአፍንጫዬ ተነፈስኩ፤ ወደ መስታወቱ ግን ቀና አላልኩም። የሚያስፈልገኝን ተምሬዋለሁ። ምዕራፉ አለቀ፤ መብራቷም ጠፋች።

ጸጥታው ተጀመረ። ገና ከመጀመሩ ሆዴ እንደዚያን ቀን ከታች ተንከባልሎ መጣና ክፍሉን ሞላው።

ጆሮ ማቆሚያውን ተጫነ። ከዚያ ድምፁ በማዳመጫዬ ውስጥ ቀስ ብሎ መጣ።

«እትዬ... እንግዳ መጣ?»

እንደ ዕርቅ ነው ያቀረበልኝ። ሌላ ሰው ቢሰማው ደግነት ይመስለዋል። ምናልባትም ደግነት ነበር፤ እሱ በእጁ ያለው ይህችው ቀልድ ብቻ ነበረች፤ እሷም የእኔ ነበረች።

«ማንም አልመጣም» አልኩት። «ቅዳ።»

መቅዳት መጀመሩን ሊያሳየኝ ጣቱን አነሣ። እጆቼን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። አየሩ ከጎድኔ ሥር ተነሥቶ ወጋኝ፤ እስኪያልፍ ድረስ አፌን ዘግቼ ጠበቅኩት።