የአያ ከማሉዲን ጨረቃ

በደርግ ጊዜ፣ ሬዲዮው ስለ ዒድ የፈለገውን ቢያወራ፣ የጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር የሚያምነው ጨርቅ ነጋዴውን አያ ከማሉዲንን ነበር። በረመዳን ሃያ ዘጠነኛው ቀን አመሻሽ ላይ ከሰፈሩ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ወጥተው አዲሷን ጨረቃ «አየኋት» ካሉ ጾሙ ይፈታል፤ «የለችም» ካሉ ሠላሳ ይሞላል። ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ሃያ ዓመት እንዲህ ኖሩ። ኩራታቸውም ለጉድ ነበር።

በአንደኛው ዓመት ግን ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋረዳቸው። ለማንም አልተነፈሱም። ቀኑ ሲደርስ ከሰዓት በኋላ አስተማሪ ልጃቸውን ኩልሱምን ሱቅ ውስጥ ጠሩና፣ «ማታ ከጎኔ ቁሚ። ስታያት እጄን ቆንጠጥ አርጊኝ፤ አየሁ እላለሁ» አሏት።

ኩልሱም አንጀቷን በሏት። «ዛሬማ አትወጣም፣ አባዬ።»

«ምነው? ማን ነገረሽ?»

ከመደርደሪያው የነጭ ክር ልቃቂት አንሥታ አስያዘቻቸውና እጃቸውን ዘርግተው ፀሐይ ወደሚገባበት በር እንዲዞሩ አደረገች። ልቃቂቱ ጠቆረባቸው። ቀስ አድርጋ ስታዞራቸው ጠርዙ ነጣ፤ ከዚያ ግማሹ፤ ጀርባቸውን ለበሩ ሲሰጡ ሁለመናው ነጭ ሆነ። ይህንስ ሞራውም አልከለከላቸውም።

«ጨረቃም እንዲህ ናት። የራሷ ብርሃን የላትም፤ ግማሿን ሁልጊዜ ፀሐይ ያበራዋል። እኛን ስትዞር የበራው ጎኗ አንዴ ሙሉ፣ አንዴ ቁራጭ ሆኖ ይታየናል እንጂ እሷስ አትጎድልም። ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ቀጭኗን አሮጌ ጨረቃ በምሥራቅ አየኋት። ፀሐይን ቀድማ የወጣች ቀድማ ትገባለች፤ ማታ በየት በኩል ትታይ?»

አያ ከማሉዲን ልቃቂቱን እያገላበጡ ሳቁ። «ይህን ሁሉ ዘመን አይቻት እንዲህ መሆኗን አላውቅም!»

አመሻሽ ላይ ሰዉ ጉብታውን ሞላው። አንድ ጎረምሳ የደመና ጠርዝ አይቶ «ያቻት!» ብሎ ጮኸ። ሁሉም ወደ አያ ከማሉዲን ዞረ።

«የለችም» አሉ። «ነገ እንጾማለን።»

«ማሻአላህ፣ ምን ዓይን ነው!» አለ አንዱ።

ሙገሳው እንደ እሾኽ ወጋቸው። ሙገሳውን ተቀብለው መሄድ ይችሉ ነበር፤ አልፈለጉም። «ዓይኔን ሞራ ከጋረደው ከረመ። የነገረችኝ ኩልሱም ናት» አሉ።

ከዚያ የፊት ለፊት ባለሱቁ ሷሊሕ፣ «ይህንማ ማን ያጣዋል! ባለፈው አህያዬን ‹እንዴት አደርክ ሷሊሕ› አላልካትም?» ሲል ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ጋብ ሲል ትከሻቸውን ያዘ። «ለዓይንህ ብለን የምንመጣ መሰለህ? ዋሽተህ ስለማታውቅ ነው።»

አያ ከማሉዲን ሰዓት እላፊው ሳይደርስ ቁልቁል ሲወርዱ የኩልሱምን እጅ ፈልገው ያዙ።

«ልዋሽ ነበር እኮ፣ ልጄ» አሏት በሹክሹክታ።

«ግን አልዋሹም» አለች።