የሳሙና ማስቀመጫዋና አራተኛው በር

ጎሚስታውን የሰደበው የእህቱ ባል ነው። ዘጠኝ ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል። እሑድ ቀን ነበር፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ፣ የአዲሱ ቤት ምርቃት ዕለት፣ እንግዳው ሁሉ ሳህኑን ይዞ በረንዳው ላይ ቆሞ ሳለ። ጎሚስታው ትንሿን ባለሦስት በር መኪናውን ከግቢው በር አጠገብ አቁሟት ገብቷል። የእህቱ ባል ከደረጃው አናት ላይ ሆኖ፣ የቀረበውም የራቀውም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «እባካችሁ ያቺን የሳሙና ማስቀመጫ ከበራፌ ላይ አንሱልኝ! ባለቤቷንም አብራችሁ!» አለ።

በረንዳው በሳቅ አውካካ። አንዲት ወፍራም ሴትዮ ምግብ ትን እስኪላት ድረስ ሳቀች። ይሄ ሁሉ ባልከፋ። የከፋው ጎሚስታው ራሱ አብሮ መሳቁ ነው። ጥርሱን አሳይቶ፣ «እሺ ጋሼ» ብሎ፣ ወርዶ መኪናዋን አነሳ።

የሰደቡትን ሰዎች በየቀናቸው ያውቃቸዋል። ስድስተኛ ክፍል ላይ «አንተ ለቁጥር አልተፈጠርክም» ያለውን መምህር፣ እጁ ላይ ያለውን ግራሶ አይቶ «ታጥበህ ና» ብሎ የመለሰውን የባንክ ዘበኛ፣ ሁሉንም። ይቺ ግን የብቻዋ ናት። ሚስማር የገባበት ጎማ ሚስማሩ እስካልተነቀለ ድረስ አየር ይዞ ይቆያል፤ ሃያ ዓመት ጎማ የሠራ ሰው ይህን አይስትም። እሱም ሚስማሩን አልነቀለውም።

ከዚያ ቀን ወዲህ መኪናውን እህቱ በር ላይ አቁሞ አያውቅም። መንገዱ ጫፍ ላይ ካለው መድኃኒት ቤት ፊት ለፊት ያቆማትና ሦስት መቶ እርምጃ በእግሩ ይሄዳል። ዝናብም ቢሆን። እህቱ፣ እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችው ናትና እትዬ ነው የሚላት፣ የጨቀየ ጫማውን ስታይ «መኪናህስ?» ትለዋለች። «ጋራዥ ናት» ይላታል። መኪናዋ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጋራዥ ናት።

ወደ ኮን ውድድር ያስገባችው አንዲት ደንበኛ ነች። ጡረታ የወጣች የመንጃ ትምህርት አስተማሪ ስትሆን፣ ከአንገቷ የውድድር ሰዓት መያዣ ስለማይጠፋ ሰው ሁሉ ወይዘሮ ሰከንድ ይላታል። አንድ ቀን አራት ጎማ ልታስቀይር መጣች። የጎማዎቹ ትከሻ ላይ በጠመኔ ሰረዝ ሰረዝ ተደርጎባቸዋል።

«ይሄን ማን ሞነጫጨረው?»

«እኔ ነኛ። ከነዳሁ በኋላ ጠመኔው እስከየት ተፍቆ እንደጠፋ አያለሁ። ብዙ ከጠፋ ጎማው እየተኛ ነው፣ አየር እጨምራለሁ። ሃያ ዓመት ጎማ ስትነፋ ይሄን አታውቅም?»

መጀመሪያ ነገሩን እንደ ስድብ ቆጠረው። ሌሊቱን ሲያብሰለስለው አደረ። ቅዳሜ ግን የምትወዳደርበት ቦታ ሄደ።

ቦታው የተዘጋ ፋብሪካ የጭነት መኪና ማቆሚያ ነው፤ ባዶ፣ ሰፊ፣ ስንጥቁ ላይ ሣር የበቀለበት አስፋልት። ብርቱካናማ ኮኖች፣ መንገድ የሚዘጋባቸው ሾጣጣ ፕላስቲኮች፣ እየተጠማዘዙ ተደርድረዋል፤ ሁለት ሁለቱ አንድ በር ይሆናሉ። መኪና አንድ አንድ እየሆነ፣ ከሰዓት ጋር ብቻ እየተሽቀዳደመ በመካከላቸው ያልፋል። ኮን የጣለ ሁለት ሰከንድ ይጨመርበታል። በር የሳተ ዙሩ ተሰረዘ። ማንም ነድቶ ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ግማሹ ሲነዳ ግማሹ ባንዲራና ሬዲዮ ይዞ በሮቹ ጋ ይቆማል፣ የወደቀ ያነሳል፣ ያየውን ይናገራል።

ጎሚስታው በመጀመሪያው ዙር ኮኖቹ መካከል ጠፋ። እንደ ጠፋ በግ ዞሮ ዞሮ በመግቢያው ወጣ። ሰው ሳቀ፤ የእያንዳንዱን ሳቂ ፊት በልቡ ያዘ። ወይዘሮ ሰከንድ ግን ወደ መስኮቱ ጎንበስ አለችና፣ «ስማ የኔ ልጅ» አለችው፣ «ኮኗን አትያት። ሰው ያየውን ነው የሚገጨው። ቀጥለህ የምትሄድበትን እይ።»

ያንን ክረምት ከመኪናዋ ጋር ከረመ። የሃያ ዘጠኝ ዓመት መኪና ናት፣ ሞተሯ አንድ ነጥብ ሦስት፤ ስትሠራም ቆጣቢ ሰው ገበያ ደርሶባት እንዲመለስ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም። የኋላውን ወንበር ነቀለ። ምንጣፉን፣ ትርፍ ጎማውን፣ የማይሠራውን ቴፕ ነቀለ። ከተገለበጠች የዳቦ ማከፋፈያ መኪና ላይ ጠንካራ ሞላ አግኝቶ አሳጠረና ገጠመላት። አሞርዛተር ቀየረ። ከመኪና መቃብር የመጣ ጎን የሚይዝ ወንበር በየዳ። ሰፋ ያሉ ቸርኬዎች ራሱ በመዶሻ አቃንቶ ገጠመ። በየቅዳሜው ጠመኔውን እያየ፣ የፊቱን አየር ትንሽ ትንሽ እየጨመረ፣ የኋላውን እየቀነሰ፣ ከመጀመሪያው ዙሩ አሥራ አንድ ሰከንድ አወረደ። ለቁጥር ያልተፈጠረው ሰው በሰከንድ መቶኛ መቁጠር ጀመረ።

እህቱ ደስ ብሏት፣ ጎሚስታውም ባለበት፣ ምሳ ላይ ለባሏ ነገረችው። ሰውዬው የመለዋወጫ ነጋዴ ነው፤ ከመኪና ዕቃ ሌላ ማሳቅ ይወዳል፣ የሚስቀው ግን በሰው ነው።

«በሳሙና ማስቀመጫዋ? አደራ፣ ሳሙናው እንዳያሟልጭህ!»

«ተው እንጂ» አለች እህቱ።

«ምን ተው ትይኛለሽ? እኔም እገባለሁ። በአንቺ መኪና፣ ትንሽ ናት፣ ከሱ ጋር አንድ ምድብ። ስማ አማቼ፣ ካሸነፍከኝ ያቺን ነገር ግቢዬ ውስጥ ታቆማታለህ። በሩን ራሴ ነኝ የምከፍትልህ። ሰው ጠርቼ፣ በረንዳው ላይ አቁሜ!»

ጎሚስታው ጉሮሮው ላይ የነበረውን ጉርሻ ዋጠ። ሰውዬው ምን እንዳለ ያውቅ ይሆን? ወይስ ያ እሑድ ከነጭራሹ ትዝ አይለውም? የቱ እንደሚብስ ሊወስን አልቻለም። «እሺ ጋሼ» አለ።

የውድድሩ ቀን ጠዋት ላይ የጎሚስታው ቡድን ነዳ፤ የእህቱ ባል ቡድን ኮን ጠበቀ። ሰውዬው አራተኛው በር ላይ ቆሟል፤ ንጹሕ ነጭ ጫማ አድርጎ፣ ባንዲራውን እንደ ከዘራ ተደግፎ። ጎሚስታው በሁለተኛው ዙር እንደዚያ ቀን ነድቶ አያውቅም። አራተኛው በር ላይ የመኪናዋ ቂጥ ትንሽ ሸሸት አለ፣ መለሰው፣ ወጣ። ሃምሳ ሰባት ነጥብ ስድስት! ድምፅ ማጉያው ተናግሮ ሳይጨርስ የሰውዬው ባንዲራ ተነሳ። አንድ ኮን፤ ሁለት ሰከንድ።

መኪናዋን አቁሞ እየሮጠ መጣ። ኮኗ በቦታዋ ቀጥ ብላ ቆማለች።

«ወድቃ ነበር?»

«ወድቃ ነበር» አለ ሰውዬው፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። «አነሳኋት። ሥራዬ እኮ ነው።»

ወድቃ ይሆናል። ላትወድቅም ትችላለች። ጎሚስታው ዕድሜ ልኩን ይህን አያውቅም፤ ሰውዬውም እንዲያውቅ አላደረገውም። በሦስተኛው ዙር ተጠንቅቆ ሃምሳ ስምንት ነጥብ አራት አመጣ። የያዘው ይሄንኑ ነው።

ከሰዓት በኋላ ተገለበጠ። አሁን ባንዲራው የጎሚስታው ነው፣ ያው አራተኛው በር። የእህቱ ባል በመጀመሪያው ዙር ስልሳ አንድ፣ በሁለተኛው ሃምሳ ዘጠኝ ከምናምን አመጣ። እህቱ ሩቅ፣ ከጥላ ሥር ተቀምጣ ለሁለቱም ታጨበጭባለች። ሦስተኛውና የመጨረሻው ዙር ሲጀምር ጎሚስታው ወደ ኮኗ ጠጋ ብሎ ቆመ። ሰውዬው ፍሬን በጊዜ ያዘ፣ ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የሚነዳው? መኪናው በሩን ሲያልፍ የኋላው ፓራውርት ኮኗን በጎን ነካት። ኮኗ ተንሸራተተች፣ ተወዛወዘች፣ ቆመች።

«ሃምሳ ስምንት ከዜሮ ሁለት!» አለ ድምፅ ማጉያው። ቀጥሎ በሬዲዮው የወይዘሮ ሰከንድ ድምፅ መጣ። «አራተኛ በር፣ ኮን አለ?»

ደንቡ ቀላል ነው። እያንዳንዷ ኮን ሥር ዙሪያዋን በጠመኔ ተሰምሯል። ከቆመችና ከእግሯ ጥቂትም መስመሩን ከነካ አይቆጠርም። ሙሉ በሙሉ ከወጣች ሁለት ሰከንድ። ጎሚስታው ተንበረከከ። ጉንጩን አስፋልቱ ላይ አድርጎ አየ። የኮኗ አንድ ጥግ የጥፍር ያህል ጠመኔውን ረግጧል። የጥፍር ያህል ብቻ።

በጉልበቱ ቢነካት ትወጣለች። የሚያይ የለም። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚባለው ለዚህ ለዚህ ነው። ባንዲራውን አንዴ ቢያነሳ ሃምሳ ስምንቱ ስልሳ ይሆናል፤ የግቢው በር ይከፈታል፤ በረንዳው ላይ ሰው ይቆማል፤ እሱ የሳሙና ማስቀመጫዋን ቀስ አድርጎ፣ በአንደኛ ማርሽ፣ በሁሉም ፊት ያስገባታል። ዘጠኝ ዓመት ከአራት ወር።

«አራተኛ በር! ተኛህ እንዴ?»

«ንጹሕ ነው» አለ በሬዲዮው። «መስመር ላይ ናት።»

ይህን ያለው ለደግነት አይደለም። ደግነት ካለቀበት ቆይቷል። አንድ ቀን፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ እዚያው ደረጃ ሥር ቆሞ «አንተ ጠዋት ኮኗን ቶሎ አነሳሃት፤ እኔ ግን ተንበርክኬ አየሁልህ» ሊለው ፈልጎ ነው። በሰዓት ከማሸነፍ ይልቅ ይህን ነገር መያዝ ፈለገ። በሰዓት ያሸነፉት ሰው ሰበብ አያጣም፤ ጎማው፣ አስፋልቱ፣ የሚስቱ መኪና። ለዚህ ግን ምን ይላል? ቃሉን እዚያው ቆሞ አሰናዳ። አንተ ሊለው፣ ጋሼ ሳይሆን አንተ፤ ሰውዬው እህቱን ካገባ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ የመጀመሪያው አንተ።

ውጤት ተነበበ። የእህቱ ባል ሦስተኛ፣ ጎሚስታው አራተኛ ወጡ። ሰው ሁሉ ኮን መሰብሰብ ጀመረ። ጎሚስታው ኮኖቹን አንዱን ባንዱ ላይ እየሰካ ሳለ ሰውዬው መጣና ክንዱን በትከሻው ላይ ጣል አደረገ። ሽቶው ከነዳጁ ሽታ በላይ ነበር።

«ጎበዝ» አለው ዝቅ ባለ ድምፅ። «አይቻለሁ።»

«ምን አዩ?»

«በመስተዋት ነዋ! ኮኗን ጠርጌያት ነው የሄድኩት። ጥዬአት እንደሄድኩ አውቃለሁ። አንተ አነሳሃትና 'ንጹሕ' አልክ።» ጠቀሰው። «ቤተሰብ ማለት እንዲህ ነው። እከክልኝ ልከክልህ። እኔ ውለታ አልረሳም፣ እሑድ ና። መኪናህንም ይዘህ ና፣ ግቢ አስገባት። በሩን ራሴ እከፍትልሃለሁ፣ ብትሸነፍም!»

ጎሚስታው ያሰናዳው ቃል አፉ ውስጥ ነበር። ግን የት ያሳርፈዋል? መስመር ላይ ነበረች ቢለው፣ ተንበርክኬ አየሁ ብሎ ቢምል ቢገዘት፣ ይሄ ሰው ይስቃል። ሰው ለጌታው ብሎ ካልሆነ በቀር ባንዲራውን ሳያነሳ ይቀራል የሚለው ነገር በዚህ ጭንቅላት ውስጥ ቦታ የለውም። በሩንም ሰጠው፤ ዘጠኝ ዓመት የጠበቀውን በር፣ እንደ ጉርሻ ገንዘብ፣ ላልሠራው አገልግሎት።

ሰውዬው ቀልዱ እስኪገባው እንደሚጠብቅ ሁሉ ፈገግ ብሎ ቆመ። ያንን ፈገግታ ጎሚስታው ያውቀዋል። አሁን ጥርሱን የሚያሳይበት ቦታ ነው።

አላሳየም። የሰውዬውን ክንድ ከትከሻው ላይ አወረደ፣ ጎንበስ ብሎ የኮኖቹን ክምር ታቀፈ።

«ምነው ዘጋኸኝ? አንተ! እያናገርኩህ እኮ ነው!»

ኮኖቹ አገጩን እየነኩት፣ በስንጥቁ ሣር ላይ እየረገጠ፣ ወደ መጋዘኑ ሄደ።