የኦቦ ቦጂያ ጥሪ

ኤዶም ዘልላ ስፒከሩን አጠፋችው። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ጎረቤቷ አዴ ሊቤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየመቱ ከግቢያቸው ወጥተዋል። ከኋላቸው የወፍጮ ቤቱ ሰዎች መጡ፤ ከእነሱም ኋላ የእድሩን ድንኳን የተሸከሙ ጎረምሶች። የሰበታ ሰው ለስብሰባ ሲጠራ እግሩን ይጎትታል፤ ለለቅሶ ግን ሬሳውን ይቀድማል።

"አዴ ሊቤ፣ የድምፅ ቅጂ ነው እኮ፤ ኦቦ ቦጂያ አልሞቱም" አለች ኤዶም አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ።

"የምን ቅጂ? በጆሮዬ ሰማሁት። ቦጂያ ራሱ ነው የለፈፈው።"

"ሰው የራሱን ሞት እንዴት ይለፍፋል?"

አዴ ሊቤ ለቅሷቸውን ገታ አድርገው አሰቡ። "እሱ እንደሆነ ሥራውን ለሰው አይተውም" አሉና ቀጠሉ።

ነገሩ የመጣው ከምትሠራው ፖድካስት ነው። ኤዶም ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠች ልጅ ናት፤ ሰርተፍኬት አምጪ ሳይላት የተቀበላት ቦታ ቡራዩ ያለው የፖድካስት ሥልጠና ብቻ ነበር። አሠልጣኙ ዛኪር እያንዳንዱ ሠልጣኝ የሰፈሩን ታሪክ በድምፅ ሠርቶ እንዲያመጣ አዟል። ነገ ጠዋት ይደመጣል፤ ያላቀረበ ወይም ያረፈደ ቀሪው ሥልጠና ላይ የለም። ጓደኞቿ ስለ ገበያና ስለ አበባ እርሻ ሲቀዱ፣ እሷ ግን ማንም ያላሰበውን አሰበች፤ ሰው ሲሞት በየመንደሩ እየዞሩ ጡሩንባ የሚነፉትን የእድሩን ለፋፊ፣ ኦቦ ቦጂያን።

ሽማግሌው ስለ ሥራቸው እየሳቁ አወሩላት። ለፍፈው ያሳዩኝ ስትላቸው ግን ሳቃቸው ቆመ። የሰው ስም በከንቱ አይነፋም፣ ሟርት ነው አሉ። ስም ይፍጠሩ አለቻቸው። በፈጠሩት ስም የሚጠራ ሰው የሆነ ቦታ ይኖራል ብለው እንቢ አሉ። በመጨረሻ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሱ።

"የራሴን ልጥራ፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ። እኔን በእኔ ማን ይከሰኛል?"

ጡሩንባው ሲጮህና "እድርተኛ ስማ፣ ቦጂያ አርፏልና ውጣ" ሲሉ ኤዶምን ውርር አደረጋት። አለቀ፣ አንደኛ ወጣሁ አለች በልቧ። ዛኪር ደግሞ ሥራችሁን ከሩቅ ሆናችሁ ስሙት ብሎ ነበርና፣ ዛሬ ስልኳን ከወንድሟ ስፒከር ጋር አገናኝታ፣ ስፒከሩን መስኮቱ ላይ አስቀምጣ፣ እስከ ጥጉ ከፍታ፣ ለመስማት ወደ አጥሩ ሄደች። ወይ መስማት። እሷ ብቻ መስሏት።

ኦቦ ቦጂያ በሕይወት አሉ ብሎ ለማሳየት ደግሞ ራሳቸው አልነበሩም፤ ያለ ስልካቸው ዓለምገና ገበያ ወርደዋል። ሰዉ፣ መንገድ ላይ ነው የሞቱት አለ። ድንኳኑ ደጃቸው ላይ ተተከለ። ኤዶም ከአንዱ ወደ አንዱ እየሮጠች ብታስረዳ አንዱ ድንጋጤ ነው ይላል፣ ሌላው ውኃ ስጧት ይላል።

ይባስ ብሎ አንድ ደግ ሰው ጫንጮ ላለችው ልጃቸው ለድንቅቱ ደውሎ አባትሽ ትንሽ አሟቸዋል፣ ነይ ብሏታል። ትንሽ አሟቸዋል ማለት ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ያገር ልጅ የለም። ኤዶም ቁጥሯን ተቀብላ ደወለች፤ አይሠራም። ደግማ ደወለች፤ አይሠራም። ሲሠራ ድንቅቱ መኪና ውስጥ ነበረች።

"ድንቅቱ፣ አባትሽ ደህና ናቸው። ምንም አልሆኑም።"

"ደህና ናቸው?" አለች ድንቅቱ ቀስ ብላ።

"ደህና ናቸው። ገበያ ሄደው ነው።"

"ታዲያ አገናኚኝ።"

"አሁን... እዚህ የሉም።"

ድንቅቱ ጮኸች። ስልኩ ውስጥ የተሳፋሪው ሁሉ ዋይታ ተሰማ። ኤዶም ስልኩን ይዛ ቆማ ቀረች። እውነቱን ነው የተናገረችው፤ ግን መርዶ የሚደብቅ ሰው የሚለውም ይህንኑ ነው። ሌላ ምን ቃል አለ?

ኦቦ ቦጂያ ሽንኩርታቸውን ተሸክመው ሲመለሱ ለእሳቸው በተተከለው ድንኳን ገቡ። ግማሹ ሰው ሸሸ፣ ግማሹ ሳቀ። ድንቅቱ ስትደርስ ግን ማንም አልሳቀም። ፊቷን ቧጥጣው መጥታለች። አባቷን አየቻቸው፣ ዳሰሰቻቸው፣ ከዚያ እግራቸው ሥር ተዘረጋች። ኤዶምን አንድ ክፉ ቃል አልተናገረቻትም። ብትሰድባት ይሻላት ነበር።

ሰዉ ሲበተን ኤዶም ሽማግሌው ጉልበት ላይ ወደቀች።

"ይቅር ይበሉኝ፣ ኦቦ ቦጂያ።"

"ተነሺ። የጠራሁት እኔ ነኝ" አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ "እኔ እኮ ሀብት የለኝም። ያለኝ ስነፋ ሰው መውጣቱ ነው። ከእንግዲህ ስነፋ ማን ይወጣል?"



በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ኤዶም ጫማዋን እያሰረች ጡሩንባው ተነፋ። እውነተኛው። ኦቦ ገርባ ሌሊት አርፈዋል፤ ወልደው ያልሳሙ፣ ከእድርተኛው በቀር ቀባሪ የሌላቸው ሽማግሌ። የኦቦ ቦጂያ ድምፅ መንገዱን ይዞ መጣ። አንድም በር አልተከፈተም። ወፍጮ ቤቱ ጋ የሆነ ሰው ሳቀ። አዴ ሊቤ መስኮታቸውን ገርበብ አድርገው፣ "ኤዶም፣ ያንን ነገርሽን ዝጊው፤ ዛሬስ አልሸወድም" አሉና ዘጉት።

ኦቦ ቦጂያ ቆመው ዙሪያቸውን አዩ። ደግመው ነፉ። ሁለተኛው አጭር ነበር፤ ትንፋሻቸው መሐል ላይ ከዳቸው።

ስልኳ ጮኸ፤ ዛኪር ነው። ያንቺን መጀመሪያ እንሰማለን፣ ቶሎ ነይ ይላል። ከአስፋልቱ የረዳቱ "አየር ጤና፣ አየር ጤና" ይሰማል፤ ከዚያ ነው ወደ ቡራዩ የሚያዘው።

"አትሄጂም እንዴ? ታክሲው ሊሞላ ነው" አለቻት እናቷ ቦሰና።

"ነጠላሽን ስጪኝ" አለች ኤዶም።

"ለቡራዩ?"

ኤዶም ነጠላውን ከሚስማሩ አውርዳ እንደ ለቀስተኛ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ ለበሰችው፤ አስፋልቱን ትታ ወደ አዴ ሊቤ በር ሄደች፣ አንኳኳች። አልከፈቱም። በጡጫ ደበደበችው።

"አዴ ሊቤ፣ እኔ ነኝ። ስልኬን አልያዝኩም። ኦቦ ገርባ ሞተዋል፤ ካላመኑ ወጥተው ፊቴን ይዩት።"